ካርዱ 14 ቀሪ ይላል፣ የስም መጥሪያው 5

ጥያቄው የመጣው ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሬከርድ ክፍል ከሚሠሩ አንባቢ ነው። ሰላምታውን ቆርጬ ዋናውን ላስቀምጥ፦

«ዘንድሮ አቴንዳንስ በሶፍትዌር ጀምረናል። መምህራን በየክፍለ ጊዜው ከስልካቸው ይሞላሉ፤ ስም ጠሪው መምህር ደግሞ እንደ ድሮው ጠዋት በወረቀት ይጠራል። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ከጥቅምት 3 እስከ ታኅሣሥ 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በሶፍትዌሩ 14 ቀን ቀሪ ነው፤ በወረቀቱ 5። አባቱ መጥተው ‹ልጄ ዓርብ ዓርብ ይቀራል የተባለው ውሸት ነው፤ ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ እኔው ከመስጊዱ በር አስፋልቱን አሻግረዋለሁ› ብለው ተቆጡ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት መሐመድ ሰይድ ስላሉ የስም መምታታት ይመስለኛል። ርዕሰ መምህሩ ግን ሶፍትዌሩ ስለተሳሳተ ኮምፒውተር የሚችል ልጅ ዳታቤዙን ከፍቶ 14ቱን 5 ያድርገው ብለዋል። ኔትወርክ በጠፋባቸው ቀናት ከወረቀት እያየን እኛም ያስገባነው አለ፤ አንዳንዱን ‹የትምህርት ቀን አይደለም› ብሎ መልሶብናል። የልጁን ዝርዝርና የሴቲንጉን ገጽ በፎቶ ልኬያለሁ። ምን እናድርግ?»

ዳታቤዙን ሊከፍት የመጣውን ልጅ ይመልሱት። 14 የሚለው ቁጥር እንደ ፈተና ውጤት አንድ ቦታ ተጽፎ የተቀመጠ አይደለም፤ ሶፍትዌሩ ከየዕለቱ መዝገብ ደምሮ የሚያወጣው ነው። ልጁ ድምሩን በግድ 5 ቢያደርገው ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ በሚቀጥለው ስሌት 14ቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ወይ ካርዱ 5 ብሎ ዝርዝሩ 14 እያለ ይቀራል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ተማሪው ዝውውር በጠየቀ ቀን የትኛው እውነት እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው አይገኝም። በዚያ ላይ ዳታቤዙ ውስጥ በቀጥታ የተነካ ነገር ማን፣ መቼ፣ ለምን ነካው የሚል ምልክት አይተውም። በአድሚን ገጽ በኩል ሲስተካከል ግን ስምና ሰዓት ይመዘገባል።

ሁለተኛ፣ ወረቀቱና ሶፍትዌሩ ስለ አንድ ነገር እየተናገሩ አይደለም። ስም ጠሪው መምህር የሚመዘግበው «ጠዋት ሲጠራ ነበረ ወይ?» የሚለውን ነው። ሶፍትዌሩ የሚያሰላው «በቀኑ ስንት ደቂቃ ተማረ?» የሚለውን ነው። በላኩልኝ ሴቲንግ መሠረት ሙሉ ቀን ለመባል 300 ደቂቃ፣ ግማሽ ቀን ለመባል 150 ደቂቃ ያስፈልጋል። በቀን 7 ክፍለ ጊዜ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ስለሆነ ድምሩ 315 ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ የጎደለበት ተማሪ 270 ደቂቃ ይዞ ከ300 በታች ይወርድና ግማሽ ቀን ቀሪ ይሆናል። ጠዋት «አቤት» ብሎ ከእረፍት በኋላ በአጥር የዘለለ ልጅም በወረቀቱ ሙሉ ቀን ተገኝቷል፤ በሶፍትዌሩ አልተገኘም። ስለዚህ ማስተካከያው ሁሉ ካለቀ በኋላም ሁለቱ ቁጥሮች የግድ እኩል ይሆናሉ ብለው አይጠብቁ። እኩል ለማድረግ መሞከርም የለብዎትም።

የሶፍትዌር ስህተት ነው የሚለውን ደግሞ ዝርዝሩ አይደግፈውም። 14ቱን ስፈታው የተገኘው ይህ ነው፤ 8 ሙሉ ቀናትና 12 ግማሽ ቀናት። አሥራ ሁለቱም ግማሾች ዓርብ ናቸው። ከጥቅምት 7 እስከ ታኅሣሥ 24 ያሉት ዓርቦች ደግሞ ልክ 12 ናቸው፤ አንድም አልተዘለለም። በተከታታይ 12 ዓርብ፣ ያውም ሁልጊዜ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ብቻ የሚቀር ልጅ የለም። እንዲህ ያለ ንጹሕ ድግግሞሽ ካዩ ተማሪውን ትተው የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ይመርምሩ።

ድልድሉ ላይ የሆነው ቀላል ነው። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከጠዋቱ 2:00 እስከ 6:00 አምስት ክፍለ ጊዜ፣ ከምሳ በኋላ ከ7:30 እስከ 9:00 ሁለት ታስተምራላችሁ። ዓርብ ለጁምዓ 5:15 ላይ ስለምትለቁ አምስተኛው ክፍለ ጊዜ ወደ ከሰዓት ዞሮ ከ9:00 እስከ 9:45 ይሰጣል። ይህ በግድግዳው ፕሮግራም ላይ አለ፤ ሶፍትዌሩ ውስጥ ግን ዓርብም እንደ ሐሙስ ተሞልቷል። ስለዚህ የአምስተኛው ክፍለ ጊዜ ገጽ 5:15 ላይ ተከፍቶ፣ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሳለ 6:00 ላይ ይዘጋል። መምህሩ 9:00 ላይ ሲያስተምር የሚሞላበት ገጽ የለውም። ሴቲንጋችሁ ላይ ደግሞ «ያልተሞላ ክፍለ ጊዜ እንደ ቀሪ ይቆጠር» የሚለው ምልክት ተደርጎበታል። ውጤቱ በየዓርቡ ግማሽ ቀን ነው። አባትየው ዓርብን በተመለከተ ልክ ናቸው።

አሁን ከዚህ የሚከተለውን ልብ ይበሉ። ይህ በልጁ ላይ ብቻ ሊደርስ አይችልም፤ በዚያ ክፍል ያለ እያንዳንዱ ተማሪ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የማያውቃቸው 6 ቀሪ ቀናት ተሸክሟል። ሌሎቹ ክፍሎችም በዚያው ድልድል ከተሞሉ እንደዚያው ናቸው። ያወቃችሁት አንድ አባት ስለመጡ ብቻ ነው። ለማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያው ክፍል በፍጹም የማይቀር የምትሉትን አንድ ተማሪ ገጽ ይክፈቱ። 6 ቀሪ ካለው ነገሩ አልቋል። ለመጣ ወላጅ ብቻ ማስተካከል ያልመጣውን ወላጅ ልጅ መበደል ነው።

የቀሩት 8 ሙሉ ቀናት ናቸው። አምስቱ ከወረቀቱ ጋር ይገጥማሉ፤ ኅዳር 4፣ ኅዳር 11፣ ኅዳር 18፣ ታኅሣሥ 6 እና ታኅሣሥ 7። ትርፎቹ ሦስቱ ጥቅምት 25፣ ኅዳር 2 እና ኅዳር 9 ላይ ናቸው። በእነዚህ ቀናት የስም መጥሪያው ልጁን ተገኝቷል ይላል። ሦስቱም ማክሰኞ ናቸው። ከወረቀቱ ሦስት ኅዳሮች ጋር ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው እያንዳንዱ ማክሰኞ ከአንድ ሐሙስ ልክ 9 ቀን ወደ ኋላ ያለ ነው። 9 ቀን ደግሞ ዘንድሮ በኅዳርና በኖቬምበር መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ኅዳር 1 ቀን 2018 ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ላይ ዋለ።

ማለትም ከወረቀት የገለበጠው ሰው ኅዳር 4 የሚለውን አንብቦ በሶፍትዌሩ የቀን መምረጫ ላይ «ኖቬምበር ኅዳር ነው» በሚለው የተለመደ አነጋገር ኖቬምበር 4ን ነክቷል። ኖቬምበር 4 ጥቅምት 25 ነው። መምህሩ ደግሞ ኔትወርክ ሲመለስ ስልኩ ይዞት የቆየውን ትክክለኛውን ኅዳር 4 ላከ። አንድ መቅረት ሁለት ሆነ።

ታኅሣሥ 6 እና 7 ለምን መንታ አልወለዱም? እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል፤ «የትምህርት ቀን አይደለም» ብሎ መለሰብን ብለዋል። ታኅሣሥ 6 ሰኞ፣ 7 ማክሰኞ ነበሩ። ዲሴምበር 6 እና 7 ግን ቅዳሜና እሑድ ናቸው። በኅዳርና በታኅሣሥ ልዩነቱ 9 ቀን ስለሆነ በስህተት የተመረጠው ቀን በሳምንቱ ውስጥ ሁለት ቀን ወደ ኋላ ያርፋል። የሰኞ ስህተት ቅዳሜ ላይ፣ የማክሰኞ ስህተት እሑድ ላይ ይወድቅና ፕሮግራሙ ይመልሰዋል። የረቡዕ፣ የሐሙስና የዓርብ ስህተት ግን ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ላይ ተመሳስሎ ይቀመጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ሲመለስባችሁ ቀሪው በትክክል የገባ መስሏችኋል። በጥቅምት ልዩነቱ 10 ቀን፣ በጥር 8 ቀን ስለሆነ መንታውን ሲፈልጉ ወሩን አይተው ይቁጠሩ። ዘመነ ሉቃስ በጳጉሜን 6 ካለቀ በኋላ በሚመጣው ዓመት ግን ከመስከረም 1 እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ (የካቲት 21) ድረስ ልዩነቱ በአንድ ቀን ይጨምራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። የተሳሳተው ቀን ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። የመምህሩ ስልክ የያዘውን ሳይልክ ከቀረ፣ ለምሳሌ አፑ ተሰርዞ ከሆነ፣ እውነተኛው ቀን ላይ ምንም የለም፤ ያለው የተሳሳተው ብቻ ነው። ያንን ዝም ብላችሁ ብታነሱ የቀረው ልጅ ያልቀረ ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱን ማስተካከያ እንደ ጥንድ ያስቡት፤ ከተሳሳተው ቀን ሲነሳ ትክክለኛው ቀን ላይ መኖሩን ማየት። የአንዳንድ ተማሪ ቁጥር ሊጨምርም ይችላል። ያንንም ማስገባት አለባችሁ።

ስለ ሁለቱ መሐመድ ሰይድ። በዚህ ጉዳይ ጥፋተኛ አይደሉም፤ 14ቱ ያለ እነሱ ሙሉ በሙሉ ተፈትቷል። ግን ጥርጣሬዎ ከንቱ አይደለም። ወሎ ውስጥ በአንድ ክፍል ሁለት መሐመድ ሰይድ፣ ሦስት ሰይድ አሊ ብርቅ አይደለም፤ አያት ካልተጻፈ መለያ የለም። ከዚያ የባሰው የፊደሉ ነገር ነው። ለጆሯችን መሐመድ እና መሀመድ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሐመሩ ሐ እና ሃሌታው ሀ ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። ሰይድ እና ሠይድም እንደዚያው። መዝጋቢው በሀ ፈልጎ በሐ የተጻፈውን ሲያጣው «አልተመዘገበም» ብሎ እንደገና ይመዘግበዋል፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ልጅ በሁለት ገጽ ይኖራል፤ አንዱ ገጹ ላይ ሲማር ሌላው ገጹ ላይ ዓመቱን ሙሉ ቀሪ ነው። መድኃኒቱ በስም መፈለግን መተውና በተማሪው መለያ ቁጥር መሥራት ነው። ቁጥሩን በስም መጥሪያው ወረቀት ላይ ከስሙ ፊት ያስጽፉት።

አሁን ወደ ሥራው። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ምንም ከመነካቱ በፊት የሶፍትዌሩን ሙሉ ባክአፕ ወስደው ከዚያ ኮምፒውተር ውጪ ያስቀምጡ፤ የሁሉንም ክፍል የቀሪ ዝርዝርም አትመው ቀን ጽፈውበት ይያዙ። ከዚያ የዓርብ ድልድል ይስተካከል። ለዓርብ የራሱ የሰዓት ሰሌዳ ይከፈትና አምስተኛው ክፍለ ጊዜ 9:00 ላይ ይቀመጥ። መጀመሪያ በአንድ ክፍልና በአንድ ዓርብ ይሞክሩት፤ ድልድል ወደ ኋላ ሲቀየር በአሮጌው ሰዓት የተሞሉት መዝገቦች ባለቤት አጥተው የሚቀሩባቸው ሶፍትዌሮች አሉ። እንደዚያ ከሆነ አዲሱን ድልድል ከዛሬ ጀምሮ ብቻ ያውሉና ያለፉትን 12 ዓርቦች አምስተኛ ክፍለ ጊዜ በአድሚን ገጽ በጅምላ ይሙሉ፤ የሚሞላው ግን ክፍለ ጊዜውን ያስተማረው መምህር በእጁ ከያዘው ወረቀት ነው። መምህሩ ምንም ካልያዘ «ተገኝቷል» ብላችሁ አትፍረዱለት፤ «አልተመዘገበም» የሚል ኮድ ክፈቱና ከስሌቱ ውጪ አድርጉት። ያላየነውን መቅረት መመዝገብ ስህተት ከሆነ ያላየነውን መገኘት መመዝገብም ያው ነው።

«ያልተሞላ እንደ ቀሪ ይቆጠር» የሚለውን ምልክትም ያንሱት። መምህሩን ሳይሞላ እንዳያልፍ ለማስገደድ ተብሎ የተደረገ ይመስለኛል፤ ቅጣቱ ግን የወደቀው ተማሪው ላይ ነው። ያልሞላውን መምህር ለማወቅ በየዕለቱ ያልተሞሉ ክፍለ ጊዜያትን የሚያወጣ ሪፖርት አለ፤ እሱን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ማታ ማታ ያዩት።

መንታዎቹን ማንሳት ቀጥሎ ይመጣል። እርስዎና ባልደረባዎ ከወረቀት ያስገባችሁትን ለይቶ የሚያወጣ ማጣሪያ ይኖራል፤ በአስገቢው ስም ያጣሩት። እያንዳንዱን ከስም መጥሪያው ገጽ ጋር ሁለት ሰው ሆናችሁ አስተያዩ፤ አንዱ ያንብብ፣ ሌላው ይንካ። አትሰርዙ፤ ኮዱን ከ«ቀሪ» ወደ «ተገኝቷል» ቀይሩና ማስታወሻ መጻፊያው ላይ «በቀን ስህተት የገባ፣ ትክክለኛው ኅዳር 4» ብላችሁ ጻፉ። ጎን ለጎን አንድ ጥራዝ የማስተካከያ መዝገብ ይኑራችሁ። የተማሪው ቁጥር፣ ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የነበረው፣ የሆነው፣ የወረቀቱ ገጽ፣ የስም ጠሪው መምህርና የምክትሉ ፊርማ ይሰፍርበታል። ወረቀቱ ራሱ ላይ የሚስተካከል ነገር ካለ በአንድ መስመር ተሰርዞ ይፈረምበት እንጂ በነጭ ማጥፊያ አይቀባ። ቀለም የተቀባበት የስም መጥሪያ ማስረጃነቱ ያበቃለታል።

በመጨረሻ ዳግም ስሌት። ኮዱን ስለቀየራችሁ ብቻ የቀኑ ድምር ሁልጊዜ አይለወጥም፤ እንደ ኦፕንኤስአይኤስና ሮዛሪዮኤስአይኤስ ባሉ በነፃ በሚገኙ ሶፍትዌሮች ውስጥ የዕለት አቴንዳንስን እንደገና የሚያሰላ ትእዛዝ ለብቻው ተቀምጧል፤ የእናንተም ውስጥ ፈልጉት። ከቀን እስከ ቀን የሚለውን ከጥቅምት 3 እስከ ታኅሣሥ 24 ብቻ ወስኑት፤ ማለትም ከኦክቶበር 13 ቀን 2025 እስከ ጃንዋሪ 2 ቀን 2026። ባዶ ትታችሁት «አስላ» ካላችሁ የተዘጉና ካርድ የወጣባቸው ጊዜያት ሁሉ በዛሬው ሴቲንግ እንደ አዲስ ይሰላሉ፤ ወላጅ እጅ ያለው ካርድና እናንተ ጋ ያለው መዝገብ ይለያያሉ።

300 ደቂቃ የሚለውን ወሰን በተመለከተ እኔ ልወስንላችሁ አልችልም፤ አንድ ክፍለ ጊዜ የቀረ ልጅ ግማሽ ቀን ቀሪ ይባል ወይ የሚለው የትምህርት ቤቱ ሕግ ነው። ግን የወሰነ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሶፍትዌሩ ሲጫን የነበረው ቁጥር እንዳለ ቀርቷል። አስተዳደሩና ወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረቱ) ተቀምጠው ይወስኑት፤ ቃለ ጉባኤ ይያዝበት። ውሳኔው በሁለተኛው መንፈቅ ይጀምር እንጂ ወደ ኋላ አይሠራ።

ስለ ወረቀቱ ብዙ ተናገርኩና ገደቡንም ልናገር። ወረቀት ከሶፍትዌር የሚበልጠው ጠሪው ፊት እያየ ሲጠራ ብቻ ነው። የክፍል አለቃው ጠርቶት ጓደኛ ለጓደኛ «አቤት» የሚልበት፣ ወይም ዓርብ ማታ የሳምንቱ በአንድ እስክሪብቶ የሚሞላበት ወረቀት ምስክር አይሆንም። አምባሰል ሥር ባለ አንድ ትምህርት ቤት የመስከረም 21 የስም መጥሪያ አይቻለሁ፤ አንድም ቀሪ የለበትም። የግሸን ማርያም ንግሥ ቀን ነው! ግማሹ ክፍል ተራራው ላይ እንደነበር መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እንዲህ ያለ ገጽ ካጋጠማችሁ በእሱ ተመርኩዛችሁ ሶፍትዌሩን አታስተካክሉ፤ የተጻፈውን እንዳለ ትታችሁ አጠራጣሪ መሆኑን ማስታወሻ ላይ አስፍሩ። በነገራችን ላይ የግሸንም ሆነ የሌላ ንግሥ ወይም የለቅሶ መቅረት «በፈቃድ» የሚል ኮድ ይኑረው። በጨረቃ የሚወሰኑትን ዒዶች ደግሞ መስከረም ላይ በግምት ሞልታችሁ አትርሱት፤ ቀኑ ሲታወጅ ካላንደሩን አርሙ፤ አለዚያ ዝግ የነበረው ቀን ቀሪ ያስቆጥራል።

ምክሬን በአጭሩ ልቁረጥ። ለዚህ ልጅ ብቻ 5 ብላችሁ ካርድ አታውጡ። የሁሉም ክፍል የዓርብ ድልድል ተስተካክሎ፣ መንታዎቹ ተነስተው ዳግም እስኪሰላ የማንም ተማሪ ካርድ ላይ የቀሪ ቀን ዓምድ አይሞላ፤ የፈተና ውጤቱ ለብቻው መውጣት ይችላል። ከአሁን በኋላም ከወረቀት የሚያስገባ ሰው ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጽፎ፣ የሳምንቱን ቀን ስም አረጋግጦ ብቻ ያስገባ። ወረቀቱ ሐሙስ ብሎ ስክሪኑ ማክሰኞ ካለ እጁን ያንሳ። ሶፍትዌራችሁ የኢትዮጵያን አቆጣጠር የሚያሳይ ምርጫ ካለው ዛሬውኑ አብሩት።

አባትየውን መልሰው ይጥሯቸው። የክፍሉን ዝርዝር ግን አያሳዩ፤ የሌሎች ልጆች መዝገብ የሌሎች ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የልጃቸውን ገጽ ብቻ አትመው ይስጧቸው። ዓርቦቹን ይቅርታ ጠይቀው ያንሱላቸው፤ ሦስቱን ማክሰኞዎችም እንደዚያው። ከዚያ የሚቀሩትን አምስቱን ያሳዩዋቸው። ሦስቱ ተከታታይ ሐሙሶች ናቸው፤ ወረቀቱም ስልኩም የመሰከሩባቸው። ልጅ በሳምንቱ አንድ ቀን እየጠበቀ ሲቀር በእኛ አገር መጀመሪያ የሚጠየቀው የቤተሰቡ የገበያ ቀን ነው፤ የባቲ ልጅ ቢሆን ኖሮ ሰኞ ሰኞ ይሆን ነበር። እስካሁን ሁሉም ስለ ዓርብ ሲከራከር ስለ ሐሙስ የጠየቃቸው ሰው የለም። ስም ጠሪው መምህር አብሯቸው ይቀመጥና ይጠይቃቸው።